ግቢ የሌለው ደጅ

ለንደን ውስጥ፣ እሑድ ጠዋት የቶተንሃሙ አውቶቡስ አንዲት ሴት ፊት ሲደርስ ይቆማል። ሾፌሩ በሩን ይከፍታል። ሴትዮዋ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ እንደተከናነበች እጇን ታወዛውዝለታለች፤ ሂድ፣ እኔ ተሳፋሪ አይደለሁም። አንዳንዱ ሾፌር ትከሻውን ሰብቆ ይሄዳል፤ አንዳንዱ የማይሰማ ነገር አጉረምርሞ በሩን ይዘጋል። ሰው ፌርማታ ላይ ቆሞ አውቶቡስ ካልፈለገ ምን ሊፈልግ ነው?

እህተማርያም የምትፈልገው ከጀርባዋ ነበር። ሀበሾች ከእንግሊዞች እሑድ እሑድና በበዓል ቀን የሚከራዩት ቤተ ክርስቲያን ከፌርማታው በስተኋላ ነው፤ በሩ በቀጥታ እግረኛ መንገዱ ላይ ይከፈታል። ቅዳሴው በበሩ ስንጥቅ እየተቆራረጠ ይመጣል። ከባድ መኪና ሲያልፍ ይጠፋል፣ ሲርቅ ይመለሳል። የጠፋውን እሷ በልቧ እየሞላች ትከተላለች።

አትገባም። ደም ይፈስሳታል። የወር አበባዋ መጥቶ አልሄድ ካላት ዓመት አልፎታል፤ አንዳንድ ሳምንት ጋብ ይልና ደስ ሲላት፣ ልክ ቅዳሜ ማታ ነጠላዋን ስትተኩስ ይመለሳል። በማህፀኗ ውስጥ እጢ በቅሏል፤ አንድ አይደለም፣ ብዙ ነው። የሆስፒታሉ ሐኪም ምስሉን እያሳየ ነግሯታል። እጢውን ብቻ ለይቶ ማውጣት አይቻልም፣ መውጣት ያለበት ማህፀኑ ነው ብሏታል። እሷም «አስብበታለሁ» ብላ ወጥታ አልተመለሰችም።

አገር ቤት ቢሆን ነገሩ እንዲህ አይከብድም ነበር። ያደገችው ደብረ ብርሃን አጠገብ ነው። እዚያ ያልነጻች ሴት ወደ ውስጥ ባትዘልቅም ከቤተ ክርስቲያን ወጣች አይባልም። ግቢ አለ። ጥዱ ሥር ትቆማለች፤ ከጎኗ እንደሷው ያለች ጎረቤቷ ትቆማለች፤ ቄሱ ሲወጣ መስቀል ያሳልማታል። ሕጉን የሠሩት ሰዎች «አትግቢ» ሲሉ «እዚሁ ከእኛ ጋር ቁሚ» ማለታቸውም ነበር። ባሕር ሲሻገር ግን የመጣው ሕጉ ብቻ ሆነ፤ ግቢው እዚያው ቀረ። ሰው ሲሰደድ ሸክሙን ያቀልላል ይላሉ። የትኛውን ትቶ የትኛውን እንደያዘ የሚያውቀው ግን ከደረሰ በኋላ ነው።

«አንቺ ደግሞ ዘላለም ውጪ!» ትላታለች እትዬ ሮማንወርቅ፣ ከቅዳሴ በኋላ እግሯን እየጎተተች ስትወጣ። «ዘበኛ አድርገው ቀጠሩሽ እንዴ?»

«አዎ እትዬ፣ ደመወዙ ዘገየ እንጂ።»

ይሳሳቃሉ። ነገሩን ግን እህተማርያም ለማንም አልተናገረችም። የሚያውቁት ባሏ ንዋይና የንስሐ አባቷ ብቻ ናቸው።

ንዋይን ያገኘችው ኬንቲሽ ታውን፣ የስደተኞች ማረፊያ ውስጥ ነበር። እሱ አገር ቤት የጂኦግራፊ መምህር ነበር፤ እሷ በሱዳን በኩል ወጥታ ገና የመጣች። በአንድ ማብሰያ ክፍል ተራ ሲጠባበቁ ተዋወቁ። ተጋቡ፤ እሱ የሚኒካብ ታክሲ ሾፌር ሆነ፣ እሷ ላውንደሪ ገባች። ልጅ አልመጣም። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ ከዚያ መቁጠሩን ተዉት። እሷ ግን ለማርያም ተሳለች፦ ልጅ ስጪኝ፣ ታቅፌው ደጅሽ እመጣለሁ። አሁን አርባን አልፋለች። ከማህፀኗ በቀር ልጅ የሚመጣበት መንገድ የላትም፤ ወደ ማርያም ደጅ እንዳትገባ የከለከላትም ያው ማህፀን ነው። ይህን እያሰበች ፌርማታው ላይ የምታሳልፈው ጠዋት ረጅም ነው።

ላውንደሪው የሆስፒታል አንሶላ ያጥባል። ከእሷ ጋር አንሶላ የምታጥፈው ሃርባንስ ኮር የምትባል፣ ስድሳ ሊሞላት የቀረበ፣ ነጭ ጠጉሯን በረጅሙ የጎነጎነች የፑንጃብ ሴት ናት። የእምነቷ ተከታዮች ሲክ ይባላሉ። ወጣቶቹ ሁሉ «አንቲ» ይሏታል፤ እህተማርያምም እንደነሱ ትላታለች። አንድ አንሶላ ሁለት ሆነው ጫፍና ጫፍ ይዘው፣ ተራርቀው ተቀራርበው ሲያጥፉ ይውላሉ። አንድ ቀን እህተማርያም ጫፉን ይዛ ስትቀርብ ጫፉን ጣለችና በተከመረው አንሶላ ላይ ተቀመጠች።

«ደም ነው አይደል?» አለች ሃርባንስ።

«ማን ነገረዎት?»

«ከንፈርሽ። ይኸው ከአንሶላው ነጥቷል። ለምን አትታከሚም?»

ማህፀኔን ያወጡታል፣ ልጅ የለኝም አለቻት። ከዚያ፣ አንዴ የተከፈተ አፍ አይዘጋምና፣ ስለ ፌርማታውም ነገረቻት። በተሰባበረ እንግሊዝኛ የነገረችው ነገር ለራሷም እንግዳ ሆኖ ተሰማት።

«አውቶቡስ ፌርማታ ላይ? በዚህ ብርድ?» ሃርባንስ አፏን ይዛ ሳቀች። «አንድ ቀን እንኳ ተሳፈሪለት እንጂ! ሾፌሩ እኮ ወዶሽ ይሆናል።»

እህተማርያምም ሳቀች፤ ስትስቅ ሆዷን አመማት።

«እኛ ጋ ይህ የለም» አለች ሃርባንስ፣ ሳቋን ስትጨርስ። «ጉሩዎቻችን፣ የእምነታችን መምህራን፣ ያስተማሩት፣ ደም የሴት ነውር አይደለም፣ ሰው ሁሉ ከዚያ ነው የመጣው ብለው ነው። ርኩሰት ልብ ውስጥ ነው ያለው። ሴት በማንኛውም ቀን ትገባለች፣ መጽሐፉን ታነባለች፣ ምግቡን ታበስላለች።» አንሶላውን ለብቻዋ አጠፈችና፣ «አማቴ ግን በወር አበባዬ ሰሞን አቻር የምንለውን የማንጎ ቅመም ማሰሮ እንዳልነካ ትከለክለኝ ነበር። ይበላሻል ትላለች።»

«ተበላሸ?»

«ሰርቄ ነካሁት። እንደዚያ ዓመት ጣፍጦ አያውቅም።»

የለንደን ብርድ ሳያልቅ፣ ዐቢይ ጾም ተጋምሶ ሳለ፣ አንድ እሑድ እህተማርያም ፌርማታው ላይ አልቆመችም። ከሃርባንስ ጋር ወደ ምሥራቅ ለንደን በባቡር ሄደች። ለንዋይ ሥራ አለኝ ብላዋለች። ልጸልይ ብላ አይደለም የሄደችው፤ ምን እንደሆነ ልይ ብላም አይደለም። ብርዱ ሰልችቷት ነበር፤ እውነቱ ይኸው ነው።

የሲኮቹ ጸሎት ቤት፣ ጉርድዋራ የሚሉት፣ ድሮ ፋብሪካ የነበረ ሕንፃ ነው። ጫማ ማውለቂያው ላይ ስትደርስ ልቧ ትንሽ ረጋ፤ ጫማ ማውለቅ ታውቃለች። ራስ መሸፈንም ታውቃለች። በአዳራሹ ወንዱ በአንድ ወገን፣ ሴቱ በአንድ ወገን ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል። ፊት ለፊት፣ በጨርቅ ዳስ ሥር፣ ትልቁ መጽሐፍ ተዘርግቷል፤ ከመጽሐፉ ኋላ ተቀምጣ የምታነበው ቀጭን ልጅ ናት፣ ሃያ ዓመት አይሞላትም።

«የልጄ ልጅ ናት» አለች ሃርባንስ በጆሮዋ። «ዛሬ እሷም እንዳንቺው ናት። ቁርጠት ይዞኛል ብላኝ ጠዋት ክኒን ሰጥቻታለሁ።»

እህተማርያም ሳታስበው ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። ጣሪያው እንደነበረ ነው። ልጅቷ ገጹን ገልጣ ንባቧን ቀጠለች። ድምጿ ቀዝቀዝ ያለ፣ የማይቸኩል ነበር።

ቆይተው ከታች ወዳለው ማብሰያ ወረዱ። ለመጣ ሁሉ የሚሰጥ ምግብ እየተሠራ ነው። አንዲት ወፍራም ሴት እህተማርያምን ከላይ እስከ ታች አየቻትና «እጅሽን ታጠቢ» አለቻት። ታጠበች። ቀጥሎ «ነጽተሻል?» ትለኛለች ብላ ቆማ ጠበቀች። ሴትዮዋ ግን ሊጡን ወደ እሷ ገፋ አድርጋ ወደ ሥራዋ ዞረች። ጥያቄ አልነበረም። እህተማርያም ሊጡን ስታሽ እንባዋ መጣ፤ ሴቶቹ ሽንኩርቱ ነው ብለው ተሳሳቁባት።

ደስ ብሏት አልነበረም ያለቀሰችው። ሰው የተራበውን ሲያገኝ ይጠግባል ብለን እናስባለን፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ይህ ያልከለከላት ቤት የእሷ አልነበረም፤ የእሷ የሆነው ደግሞ ከልክሏታል። እዚህ ቁጭ ብላ የምትጠራው ስም አጣች። «ማርያም» ልትል ፈለገችና አፈረች፤ በሰው ቤት የራስን እናት እንደመጣራት ሆነባት።

«አትቅኚብን» አለቻት ሃርባንስ፣ ፊቷን አይታ። «ሕንድ አገር፣ አምሪትሳር ባለው በወርቁ መቅደሳችን ውስጥ ተቀምጠው የሚዘምሩት እስከ ዛሬ ወንዶች ናቸው። መጽሐፉ የከፈተውን በር ሰው ይዘጋዋል።»

ሊወጡ ሲሉ በር ላይ አንድ ሽማግሌ ለሁሉም የተባረከ ነገር ያድላሉ። እህተማርያም ሌሎቹን አይታ ሁለት እጇን ገጥማ ዘረጋች። ለስላሳ፣ ትኩስ ነገር መዳፏ ላይ አረፈ። እምቢ ማለት ነውር መሰላት፤ ጎረሰችው። ጣፋጭ ነው። ምላሷ ላይ ሲቀልጥ ነው ያወቀችው። ቅቤ ነው። በዐቢይ ጾም፣ በእሑድ ቀን፣ በሌላ እምነት ቤት፣ ቅቤ። ውጣዋለች። ባቡሩ ውስጥ ጣቶቿን በመሐረብ ስትጠርግ መጣች፤ አልለቅ አላት።

የንስሐ አባቷ አባ ተክለ ሃይማኖት ሰቨን ሲስተርስ በሚባል ሰፈር፣ ከአንድ የሥጋ መደብር በላይ ባለች ክፍል ይኖራሉ። በሳምንቱ ቀን ቢሮ ያጸዳሉ፤ እሑድ ይቀድሳሉ። ክፉ ሰው አይደሉም። ስትገባ የኤሌክትሪክ ማሞቂያውን ወደ እሷ አዞሩላት።

«ይፍቱኝ አባ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። ምን ሆነሽ ነው?»

ሁሉንም ነገረቻቸው፣ ሊጡንም ሳይቀር። አባ መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሰሙ።

«ቅቤው ሳታውቂ ነው፤ እሱ ቀላል ነው» አሉ። «ግን ልጄ፣ ምን ፍለጋ ሄድሽ?»

«ልቀመጥ ነው አባ። ውስጥ ልቀመጥ። ሌላ ምንም አልፈለግሁም።»

ከታች የሥጋ መጥረቢያ ይሰማል።

«ሕጉን እኔ አልሠራሁትም» አሉ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ አባ።»

«ደሙን ኃጢአት ነው አላልኩሽም። በሽታ ነው። በሽታ ከሆነ ሐኪም አለ። ይታከማል፣ ትነጺያለሽ፣ ትገቢያለሽ። ምን ያዘሽ?»

«ማህፀኔን እናውጣ ነው የሚሉት።»

«ታዲያ?»

ቀና ብላ አየቻቸው። ከልጅነታቸው ገዳም የገቡ ሰው ናቸው። «ታዲያማ አባ… ልጅስ?» አለች።

ሰው የሚያውቀውን ይሰጣል፤ አባም ስግደት ሰጧት። ወደ ባዕድ ቤት መሄዷ እንዲሰረይላት፣ በስቅለት ዕለት ከሌላው ሰው አብልጣ እንድትሰግድ። ስንት ደም እንደቀራት አልጠየቋትም። እሷም አልነገረቻቸውም።

የስቅለት ዕለት ዝናብ አዘል ብርድ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ከጠዋት ጀምሮ ሞልቷል። እህተማርያም ከፌርማታው ወደ ግድግዳው ጠጋ ብላ ፕላስቲክ አነጠፈች፤ ከውስጥ «ኪርያላይሶን» ሲሉ እሷም ከውጭ ትወድቃለች፣ ትነሣለች። ሰው ለሥራው ይጣደፋል። አንዱ ዞሮ ያልፋታል፣ አንዱ ይራመዳታል። ሁለት ሴቶች ቆመው አዩዋትና ሄዱ። አንድ ሽማግሌ የቢራ ጣሳውን እንደያዘ ጎንበስ ብሎ «ምን ጠፋብሽ የኔ እመቤት?» አላት፤ መልስ ሳታገኝለት ሲቀር አብሯት መሬቱን ትንሽ ፈለገላትና ተሰናበታት።

ከቀትር በኋላ ወደቀችና አልተነሣችም። መጀመሪያ የሚያልፈው ሰው ሁሉ እንደሰገደች መሰለው። ነጠላዋ ጠርዝ ላይ ቀይ ነገር ያየችው ከአውቶቡስ የወረደች የትምህርት ቤት ልጅ ናት፤ ጮኸች። አምቡላንስ መጣ። ከውስጥ ያሉት የአምቡላንሱን ድምፅ ሰምተዋል፤ በዚያ ሰፈር ግን አምቡላንስ የማይሰማበት ቀን የለም። ሲወስዷት ኪርያላይሶኑ አልተቋረጠም ነበር።

ስትነቃ የሌላ ሰው ደም በቀጭን ቱቦ ወደ ክንዷ ይንጠባጠብ ነበር። ወጣቷ ሐኪም አልጋው ጫፍ ላይ ቆማ በቀስታ ነገረቻት፤ ዛሬ ደርሰንልሻል፣ በሚቀጥለው ላንደርስልሽ እንችላለን። ማህፀኑ መውጣት አለበት። ከባለቤትሽ ጋር ተማከሩ ብላ ወጣች።

ንዋይ የታክሲውን ቁልፍ በጣቱ እያዞረ ተቀምጧል።

«ምን ትላለህ?» አለችው።

«እኔ ምን እላለሁ። አንቺ ነሽ የምታውቂው።»

«ከተጋባን ጀምሮ እንዲሁ ነው የምትለኝ። ዛሬ ግን ንገረኝ። አውጪው በለኝ፣ ወይ አታውጪው በለኝ። አንዱን በለኝ።»

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። ከተማሪዎቹ ፊት ካርታ ዘርግቶ የዓለምን ወንዝ ሁሉ በስም ይጠራ የነበረ ሰው፣ አንድ ቃል ጠፋበት። «እናቴ ደውላ ‹ልጁስ?› ስትለኝ ምን ልበላት?» አለ።

እህተማርያም ዓይኗን ጨፈነች። ፍርዱን ሰምታለች። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ትቆጣው ነበር፤ እሱ ግን ፈሪ እንጂ ክፉ አይደለም፤ በፈሪ ደግሞ አይጨከንም።

«ሞተች በላት» አለችው። «እሱ ይቀልሃል።»

ንዋይ ቁልፉን ጥሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሲያለቅስ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው ያኔ ነው። በማግስቱ ፈረመች። ለመኖር ብላ ይሁን፣ ለመግባት ብላ፣ ወይም ደክሟት፣ በኋላ ብትጠየቅም የምትመልሰው አልነበረም። ሰው ትልቁን ውሳኔ የሚወስነው አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ገና ሳይደርስ ነው።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሃርባንስ ምስር በእቃ ይዛ መጣች። የተንጨባረረ ጠጉሯን አይታ ከቦርሳዋ ማበጠሪያ አወጣች፤ ከአልጋው ጎን ቆማ ታበጥርላት ጀመር።

«እንግዲህ ነጻሁ» አለች እህተማርያም።

ማበጠሪያው ቆመ። «ድሮስ መቼ ቆሸሽሽ?»

ሃርባንስ ማበጠሯን ቀጠለች። ጠጉሯ ይነቀል ነበር፤ ሃርባንስ የተነቀለውን ሳታሳያት እየጠቀለለች ኪሷ ትከታለች።

ነሐሴ ገባ፤ ፍልሰታ ሆነ። የልጆች ጾም ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ በእናትና በልጅ ይሞላል። እህተማርያም በሁለተኛው እሑድ ማልዳ መጣች። የውስጡን ጨለማ ዓይኗ እስኪለምደው ቆማ ቆየች። ሴቶች በቆሙበት በኩል፣ አንድ ምሰሶ አጠገብ ቦታ አገኘች። ቅዳሴው አይቆራረጥም። ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው ቃል ሁሉ ሙሉውን፣ አንድም ሳይጎድል ይመጣል። እሷ የምትሞላው ቦታ አልነበረውም።

አፏን ለጸሎት ስትከፍት፣ ዘመኑን ሁሉ መጀመሪያ የሚወጣው ልመና ምላሷ ጫፍ ላይ መጣ። መልሳ ዋጠችው። ሌላ የምትለምነው ፈለገች። ለንዋይ ጤና፣ ለእናቷ ነፍስ፣ ለአገር ሰላም፤ ተራ በተራ ነካችው፤ አንዱም አልያዛትም።

ከጎኗ ብፅዓት የምትባል ወጣት እናት ሕፃን ታቅፋለች፤ ሦስት ዓመት የሚሆነው ወንድ ልጇ ቀሚሷን ይጎትታል።

«ማሚ፣ አይ ኒድ ዊ! ሽንቴ!»

«ዝም በል፣ ትንሽ ቆይ።»

«አሁን! አሁን መጣ!»

ብፅዓት ግራ ቀኝ አየችና ሕፃኗን እህተማርያም ላይ ጫነችባት። «እህቴ፣ በማርያም፣ አንዴ ያዢልኝ፤ ሳያዋርደኝ ልድረስ!» ልጁን እየጎተተች ጠፋች።

ሕፃኗ አላለቀሰችም። ትኩስ ናት፤ ከምትመስለው በላይ ትከብዳለች። ጭንቅላቷን እህተማርያም ትከሻ ላይ ጣለችና በአፏ የነጠላዋን ጥለት ትጠባ ጀመር። የቀዶ ጥገናው ጠባሳ ከክብደቱ የተነሳ ይቆነጥጣታል። አልተንቀሳቀሰችም፤ አልወዘወዘቻትም። ቄሱ ዕጣኑን ይዘው በሴቶቹ በኩል ሲያልፉ አጎንብሳ ሕፃኗን ከጢሱ ከለለቻት።

እትዬ ሮማንወርቅ ከፊት ዞር ስትል አየቻት። ዓይኗ ደክሟል፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላዋለች። ሕፃኗን አየች፣ እህተማርያምን አየች፤ ፊቷ በደስታ በራ። ለካ ይህን ሁሉ ጊዜ ውጭ ቆማ ደጅ የጠናችው ለዚህች ልጅ ኖሯል! እጇን ዘርግታ የሕፃኗን እግር ነካችና ጣቷን ሳመች።

«እሰይ! ሳትነግሪን?» አለች በሹክሹክታ። «ማርያም ታሳድግልሽ፣ ልጄ።»

እህተማርያም ስህተቱን ልታርም ትችል ነበር። የእኔ አይደለችም ማለት ሁለት ቃል ነው።

«አሜን» አለች።

እትዬ ሮማንወርቅ ወደ ፊት ዞረች። ብፅዓት ሱሪው የራሰ ልጇን እየጎተተች፣ እየተበሳጨች ተመለሰች፤ «ተመስገን፣ አላስቸገረችሽም አይደል?» ብላ እጇን ዘረጋች። እህተማርያም የነጠላዋን ጥለት ከሕፃኗ አፍ ቀስ አድርጋ አላቀቀችና ሰጠቻት።